የወልዱ ቃጫ

የሰው ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ደሜ ይፈላል። አርጅቼም ይሄ አመል አልለቀቀኝም። ወልዱን የጎዳሁት በዚሁ አመሌ ነው።

በ1963 ክረምት ዲላ ውስጥ የባልትና መምህርት ነበርኩ፤ ከደሴ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዳይሬክተራችን አቶ ገሪማ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ኳስ ሲያሳድዱ ከሚከርሙ በእጃቸው እየሠሩ ይማሩ ብለው የሰባት ሳምንት ትምህርት ከፈቱና እኔ ላይ ጣሉት። ሠላሳ ልጆች መጡ። ሳሙና ሠራን፣ ቅርጫት ጎነጎንን፣ የተሰበረ ወንበር ጠገንን። ሕጌ አንድ ነበር፦ ቆሞ ማየት የለም፣ ሁሉም ሁሉንም ይሠራል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ወላጆች ተጠርተው ሥራው ሁሉ በሠሪው ስም ይታያል።

በአራተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ እንሰት አስቆረጥኩና ለሁሉም የቀርከሃ መፋቂያ አደልኩ። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። ወንዶቹ መፋቂያውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

“እትዬ፣ ይሄ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ድርሽ አይልበትም” አለኝ አንዱ።

“ዜሮ ግን ለወንድም ለሴትም እኩል ነው” አልኩት። በአነጋገሬ ራሴን አደነቅሁ።

እያጉረመረሙ ተቀመጡ። የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘንበል ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ ዘርግቶ፣ የላይ ጫፉን በእግር ይዞ ወደ ታች መፋቅ ነው፤ ለምግብ የሚሆነው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ወንዶቹ በጣጠሱት። ወልዱ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሠራል። ዝምተኛ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ከኋላው ሄጄ ብቆም ነጭ፣ ረጅም፣ አንድም ቦታ ያልተቆረጠ ቃጫ አየሁ። ከሴቶቹ እንኳ የሚደርስበት አልነበረም።

“የት ለመድከው?”

“ሲሠራ አይቼ ነው።”

ዋሸኝ። ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ግን ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

“እትዬ፣ ስሜን እንዳይጽፉበት።”

ያኔ ሁሉን ነገረኝ። አባቱ ሞቷል። ቤታቸው ወደ ቡሌ በሚወስደው መንገድ፣ የሁለት ሰዓት ዳገት ላይ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዲላ አጎቱ ዘንድ ያድራል። የእናቱ የአሰፋች ቀኝ እጅ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ጣቶቿ አይዘረጉም። እህት የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአጥሩን በር ዘግቶ እሱ ይፍቃል። ጎረቤቱ በግራ እጇ የምትፍቅ እየመሰለው ያደንቃታል።

“አጎቴ ከሰማ ያስቆመኛል” አለኝ። “እናቴ ታዲያ ምን ትበላለች?”

“በሥራ አይታፈርም” አልኩት።

“ስሜን ግን…”

“እሺ፣ አልጽፍም።”

አልጻፍኩም። ቃጫው ላይ ባዶ ወረቀት ሰቀልኩ።

በነሐሴ መጨረሻ ወላጆች መጡ። አቶ ገሪማ እየተዘዋወሩ ሲያደንቁ ቃጫው ጋ ደረሱ። “እንዴት ያለ እጅ ነው እባካችሁ! ይሄማ የቆንጅት ነው” አሉና ከሴቶቹ ጎበዟን ጠርተው ለአንደኛ የተዘጋጀውን ብዕር ሰጧት። ቆንጅት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ተቀበለች እኮ!

“የወልዱ ነው!” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቃል የገባሁት ላለመጻፍ ነው፣ መናገር ሌላ ነው ብዬ በኋላ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ።

ወንዶቹ ሳቁ። የወልዱ አጎት ከወላጆቹ መሀል ወጥቶ ቃጫውን በጣቱ ዳሰሰ፣ የልጁን እጆች አየ፣ ክንዱን ይዞት ሄደ።

መስከረም ላይ ወልዱ ትምህርት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ዲላ ገበያ አጠገብ አገኘሁት።

“ቤት አልሄድክም?”

“ሁለተኛ የእናቴን ግቢ እንዳልረግጥ፣ ቃጫም እንዳልነካ አጎቴ አስምሎኛል።”

“እናትህስ?”

ወደ ዳገቱ አየና መንገዱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጭቃው ዳገቱን ወጣሁ። አሰፋች ከቤቷ ጀርባ ተቀምጣ በግራ እጇ ትታገላለች። አጠገቧ የተበጣጠሰ ቃጫ ተከምሯል።

“ስሙን የጠራሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“እሱ እጄ ነበር” አለችኝ። “ቆረጥሽው።”

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። አሰፋች መፋቂያውን ወረወረችልኝ። የፋቅሁትን ሁሉ በጠስኩት። ቃጫዬን አንስታ አየችና ከአጥሩ ወዲያ ጣለችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣሁ። እጄ ቆሰለ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ቃጫዬ መበጠሱን አልተወም።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ቀና ስል ወልዱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። እጆቹን ኪሱ ከቷል።

“ግባ” አልኩት።

“ምያለሁ።”

አልሄደም። አንዱን ስበጥስ አየኝ፤ ሌላም በጠስኩ።

“እትዬ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ” አለኝ። “ክንድዎን ተዉት፣ በወገብዎ ይጫኑት።”

እንዳለኝ አደረግሁ። ቃጫው ሳይቆረጥ ቀረ። አሰፋች አነሳችው፤ ወደ አጥሩ ሄዳ በደህና እጇ ዘረጋችለት።

ወልዱ ቃጫውን አየ፣ እናቱን አየ። እኔ አለቀስኩ። እሱ ግን እጁን ከኪሱ አላወጣም።