ታላቅ ወንድም ላይ የተሰመረች መስመር

መምህሩ የማኅበራዊና ባህላዊ አንትሮፖሎጂ መግቢያን ከማስተማሩ ብዛት ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጥቶታል። አሁን አሁን ሊያቅለሸልሸው ጀምሯል። ሰው ማለት ምንድን ነው፣ ባህል ማለት ምንድን ነው ሲል ከርሞ ዝምድና የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይቀር ይደክማል። ስም መጥራት እንኳ ከተወ ቆየ። መጡም ቀሩም ለእሱ ያው ነው። ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጋሽ ሦስት ማዕዘን» ይሉታል። ሰምቷል፤ ግን ለመቆጣት ማን አቅም አለው?

ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። የዝምድና ሥዕል ሲያስተምር ወንድን በሦስት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ይስላል፤ የሞተ ሰው ላይ አንዲት ሰያፍ መስመር ያሰምራል። ለምሳሌ የሚወስደው የራሱን ቤተሰብ ነው፤ ሌላ ቤተሰብ መፍጠር ይታክተዋል። አባት፣ መስመር። እናት፣ መስመር። ታላቅ ወንድም፣ መስመር። ሳይሰረዝ የሚቀረው አንድ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከሥሩ «እኔ» ብሎ ይጽፍበታል።

ታላቅ ወንድሙ ግን አልሞተም። ደህና አድርጎ በሕይወት አለ፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ታክሲ ይነዳል።

እናታቸው የታመመች ጊዜ መምህሩ ሩቅ ገጠር ገብቶ የመመረቂያ ጥናቱን ይሠራ ነበር። ርዕሱ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የለቅሶ ሥርዓት። «መጣሁ፣ ትንሽ ቀርቶኛል» እያለ ሰነበተ። ሲደርስ እናቱ ተቀብራለች። ያስታመመውም የቀበረውም ወንድምየው በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «የሰው ለቅሶ ስታጠና የእናትህ አመለጠህ» አለው። እውነት ስለነበረ አንጀቱ ድረስ ዘለቀ። መምህሩ በዚያው ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

መስመሯ የተሰመረችው ግን በቂም አይደለም፣ በድካም ነው። ማስተማር በጀመረበት ዓመት አንዱ ተማሪ «ታላቅ ወንድምዎ ምን ይሠራሉ? ትጠያየቃላችሁ?» ብሎ አፋጠጠው። የዚህ መልስ ረጅም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጠመኔውን በወንድሙ ላይ ሰረዝ አደረገና ተገላገለ። ለሞተ ሰው «ነፍስ ይማር» ይባላል እንጂ ጥያቄ አይበዛም።

ዛሬም እንደ ልማዱ አሰመረ። ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ወንድምዎ መቼ ነው የሞቱት?»

«ቆየ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«በምን?»

«በሕመም። ወደ ትምህርታችን እንመለስ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ግን እሷ ቀረች። ሰሌዳው ፊት ቆማ የተሰረዘውን ሦስት ማዕዘን አየችው፣ ዳስተሩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ላጠፋት ነበር፤ ግን ሥዕሉ የእርስዎ ነው» አለች። «እኚህ የሰረዟቸው ሰው አባቴ ናቸው።»

መምህሩ ክው አለ። አሁን ገና አያት። ግንባሯ የእናቱ ግንባር ነው፣ ቁርጥ። እሱና ወንድሙ ሲለያዩ ጡት እንኳ አልጣለችም ነበር። ስም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ከስሟ ቀጥሎ የወንድሙን፣ ከዚያም የአባቱን ስም በመጀመሪያው ቀን ያገኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ ከለከለኝ። ‹ማርክ ፈልጋ መጣች ይላል፣ ዝም ብለሽ ተማሪ› አለኝ። በየቀኑ ያመጣኛል፣ ይመልሰኛል። መኪናው ውስጥ ስገባ ‹ዛሬስ እንዴት ነው? ከሳ? ጉንፋኑ ለቀቀው?› ነው የሚለኝ። እንግዲህ ዛሬ ምን ልበለው?»

መምህሩ ዓለም ዘመዱን በምን በምን እንደሚጠራ በቃሉ ይወጣዋል። እቺን ልጅ ግን «ልጄ» ለማለት አፉ አልታዘዘው አለ። አፈረ። እፍረቱ ከዓመታት ማስተማር ይልቅ አደከመው።

«አሁን የት ነው?»

«በር ላይ። ሁሌም ቀድሞ ነው የሚመጣው።»

ቀጣዩ ክፍል እየጠበቀው ነበር፤ ይጠብቅ ብሎ እግሩን እየጎተተ ተከተላት። ያንን አሮጌ ሰማያዊ ታክሲ በየቀኑ በአጠገቡ አልፎታል። አንገቱን ደፍቶ ስለሚሄድ አንድም ቀን ሾፌሩን ቀና ብሎ አላየውም።

ወንድምየው ፀጉሩ ሸብቷል። አየውና ጎንበስ ብሎ የፊቱን በር ከፈተለት።

«ግባ እንጂ፣ ፀሐዩ ይመታሃል። ደክሞህ የለ እንዴ?»

ልጅቷ ከኋላ ገባች። ታክሲው ተነሣ።

«ቤተሰባችንን ሰሌዳ ላይ ትስላለህ አሉ» አለ ወንድምየው ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እኔንም ትስለኛለህ?»

መምህሩ በመስታወቱ ልጅቷን አያት። በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። መዋሸት ይችል ነበር፤ ለዚያም ግን ጉልበት አጣ።

«እስልሃለሁ» አለ። «ግን... ሞቷል ብዬ ነው የማስተምራቸው።»

ወንድምየው ማርሽ ቀየረ።

«እሱንማ ሰምቻለሁ። አምና የጫንኳቸው ተማሪዎችህ ስለ ሞተው ወንድምህ ሲያወሩ፣ እኔም አብሬያቸው ነፍስ ይማር ብዬ ነዳሁ።» በመስታወቱ ልጁን ተመለከተ። «ዘንድሮ እሷን አንተ ዘንድ የላክኋት ለዚሁ ነው። አትናገሪ ያልኳት፣ አንተው አይተህ ታውቃታለህ ብዬ ነው። እናታችንን ሳታይባት ይህን ያህል ትቆያለህ አላልኩም ነበር።»