አጋድሞ የተከላቸው

ሦስት መቶ የቲማቲም ችግኝ ከነቁመታቸው አጋድሞ ቀብሯል፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጫፋቸው ላይ ያሉትን አራት ቅጠሎች ብቻ ከአፈር በላይ አስቀርቶ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ትራክተሩ ይመጣል።

ጫማውን ያጠልቃል። ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ይቋጥረዋል፣ አይቸኩልም፣ ምን አስቸኮለው፣ ትናንት ከሰዓት ሲያያቸው መሬት ላይ ተለጥፈው ነበር፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።

ጋሼ ነገር አያበዛም፣ ታላቅ ወንድም ነውና ማስረዳት አይጠበቅበትም። ብርዱ ካለፈ በኋላ ደመናው ሦስት ሳምንት ሙሉ አልገፈፍ ብሎ፣ መስኮት ሥር የፈሉት ችግኞች ብርሃን ፍለጋ ተመዘዙ፣ ክንድ አከሉ፣ ግንዳቸው ክር። ጣላቸው አለ ጋሼ። እስከ ቅዳሜ መደቡ ላይ የቆመ ነገር ካላየሁ መሬቱን ለጎረቤት እለቀዋለሁ፣ አርሶ የከብት ሣር ይዝራበት፣ አንተና እህትህም እኔ ጋ ከተማ ትገባላችሁ። ከተማ። የጋሼ ታጣፊ አልጋ ትታየዋለች፣ እግሩ ከጉልበት በታች ውጭ የሚያድርባት።

እህቱ ረቡዕ አብራው ስትቆፍር ሳቀችበት። አንተ ሸንበቆ፣ እየተከልን ነው ወይስ እየቀበርን፣ ቢያንስ አልቃሽ እንጥራ። አፈር መልሺ አላት። ምን ብሎ ይንገራት፣ ሸንበቆ የሚለውን ስም ከየት እንዳመጡት እንኳ አታውቅም።

አጎታቸው ነው ያወጣለት። እናትና አባት ሲሞቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ተላከ፣ እሷ ገና ጨቅላ፣ አክስት ጀርባ ላይ፣ እሱ አጎት እጅ ቀረ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ዕቃ ቤት፣ ጆንያ ላይ። አጎት የተመዘዘ ችግኝ አይወድም። ቁመት ብቻ፣ ወገብ የለው፣ ልክ እንዳንተ፣ ይልና ከአጥር ወዲያ ይወረውረዋል። እሱ ሾልኮ ይለቅማል። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሊተክላቸው ቢሞክር፣ ያቆማቸዋል ይወድቃሉ፣ ያቆማቸዋል ይወድቃሉ፣ ደከመውና አጋደማቸው፣ አፈር አለበሳቸው። በአራተኛው ቀን አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁት። የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር አወጣ፣ የአጎት ተክል በነፋስ ሲሰበር የእሱ ንቅንቅ አላለም። ፍሬው ሲቀላ አጎት ደረሰበት። ማን ተከለው? ራሱ በቀለ አለው። አጎት በጨው በላው፣ ይጣፍጣል አለ።

ሠላሳ ዓመት አፉን ይዞ። ይህን ካወራ ጆንያውም ይወራል፣ ጋሼ ያለቅስበታል፣ ማን ፈለገው።

ሞተር ይሰማል። ይወጣል።

ትራክተሩ በሩ ላይ፣ ጋሼ አጠገቡ ቆሞ፣ ጫማው አዲስ፣ ጭቃውን እያየ እግሩን ያነሳል። እሱ ግን ከደጃፉ ቆሞ ወደ መደቡ አያይም፣ አይኑ እህቱ ላይ ነው፣ መደቡ ራስጌ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፣ በቃ፣ አለቁ፣ በቃ፣ ከዚያ ያያል።

ቆመዋል። አንዱ መስመር፣ ሁለተኛው፣ እስከ ዳር፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አጫጭር፣ ደንዳና፣ እንዳልተቀበሩ፣ አሥራ አንዱ ብቻ አልተነሡም፣ አሥራ አንድ ምን አላት፣ ይኸው አጎቴ፣ ይኸው ወገብ፣ እስቲ አሁን ወርውር፣ ደረቱ ይሞቀዋል፣ ፊቱ ግን ያው ነው፣ ፊቱን አይሰጥም።

ነጂው ይወርዳል፣ አንዱን ቅጠል በጣቱ ይነካል፣ ተመልሶ ሞተሩን ያጠፋል። ይህን ማረስ ነውር ነው ይላል፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሼ ጭቃውን ረስቶታል፣ መደቡ መሀል ገብቷል።

ማን አስተማረህ?

ማንም፣ ይላል። ያኔም የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ታንከሩ ጀርባ።

ጋሼ ያኔ መቼ እንደሆነ አያውቅም። አይጠይቅም፣ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል፣ ከባድ እጅ፣ ይቆያል። መሬቱ የናንተ ነው፣ በሉ በርቱ።

ትራክተሩ ዞሮ ይሄዳል። ጋሼም ይሄዳል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። እህቱ ባልዲውን ታነሳለች፣ ታንከሩ ጀርባ ምን ነበር ትለዋለች፣ ውኃ እየቀዳን እነግርሻለሁ ይላታል።

እርሻው ላይ የቀሩት እሱና እህቱ ናቸው።