ቦራና ዳልቻ እንቢ ያሉበት ቀን

አራሼ አበባው በሐምሌ፣ ማሳው ለጤፍ የመጨረሻውን እርሻ ሲጠብቅ ጥሎኝ ደብረ ማርቆስ ለግንባታ ሥራ ሄደ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በእኩል የሚያርስልኝ እሱ ነበር። መሬቱ የእኔ፣ በሬዎቹ የእኔ፣ ዘሩ የእኔ፤ እሱ እርፍ ስለጨበጠ ብቻ የጤፉን ግማሽ ይወስዳል። እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። በዚያ ሳምንት ካልተዘራ እኔና ልጄ ማርያማዊት ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየታችን ነው።

እኛ አምበር ዙሪያ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። እኔን የከለከለኝ ሰው ኖሮ አይደለም። ራሴው ነኝ ራሴን «አይሆንልሽም» ብዬ ያስቀመጥኩት። ያን ቀን ግን ንዴቴ በለጠና በሬዎቹን ጠምጄ ወጣሁ።

«ሂድ ቦራ፣ ሂድ ዳልቻ» አልኩ። ትንሽ ተራመዱና ቀጥ ብለው ቆሙ። ስጮህባቸው ጭራሽ ዞረው ወደ እኔ ሊመጡ ቀንበሩን አጣመሙት። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። እርፉን ለቅቄ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ጎረቤቴ ሽማግሌው አያ ገዳሙ ከማሳቸው ሆነው ያዩኝ ኖሯል።

«ምነው አሰገደች?»

«ሴት መሆኔን አውቀው እንቢ አሉኝ፣ አያ።»

«ማን ነገራቸው?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ አንቺ የምትጠሪያቸው ምን ይዘሽ ነው?»

ጭድና አተላ። ከጥጃነታቸው ጀምሮ ድምፄን የሚያውቁት ምግብ ሳቀርብላቸው ነው። ምስኪኖቹ ምሳ መስሏቸው ይቆማሉ፤ እኔ ተፈጥሮዬን እረግማለሁ።

ተነሳሁ። አፌን ዘግቼ ጅራፌን ብቻ አየር ላይ አጮህኩ። ቦራ ሄደ፣ ዳልቻም ሄደ። ትልሙ ጠማማ ነበር፤ ቢሆንም ትልም ነው። መዳፌ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ገበያተኛ መንገድ ላይ ቆሞ «ወንድ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። ልክ ልኩን ብነግረው ደስ ባለኝ፤ ግን ከተናገርኩ በሬዎቹ ይቆማሉ። ዋጥኩት።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሳልናገር አረስኩ። በመጨረሻው ቀን አበባው ከማሳው ዳር ብቅ አለ። ከተማው አልሆነለትም።

«እትዬ አሰገደች፣ በቃ መጣሁልሽ። የቀረውን ልረስልሽ፣ እንደ ድሯችን በእኩል።»

እርፉን እንደያዝኩ አጠገቡ አለፍኩ፤ ትልሙን እስከ ጫፍ አደረስኩ። ቀንበሩን አወረድኩና ቦራንና ዳልቻን በሙሉ ድምፄ ጠራኋቸው። ጭዳቸውን ፍለጋ ወደ እኔ መጡ።

«አበባው፣ የቀረ የለም» አልኩት።