በአባቷ ፍራሽ ስፌት ውስጥ

...ወይም ሙሉውን ጠርሙስ ፍራሹ ላይ ደፍቶ መገላገል፣ ስቴላ ከአባቷ አልጋ ፊት ለፊት ቆማ ታስባለች፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የካናዳዋ ዊኒፔግ በረዶ በመስኮቱ ማዶ እንደ ጥጥ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ካጣች ወዲህ ሁሉም ነገር ጥጥ ነው፣ ግድግዳው፣ እግሯ፣ የገዛ ድምጿ። በፍራሹ ስፌት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። አንዲት ትኋን ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ጠግባለች፣ የማን ደም፣ የአባባ ነዋ።

ጠርሙሱን የሰጣት ከላይ ፎቅ ያለው ኦሬስት ነው፣ ከወንድሙ እርሻ ያመጣው የስንዴ ተባይ መርዝ፣ እንኳን ትኋን ጎሽ ይገድላል አላት እየሳቀ፣ እርጪና በሩን ዝጊ፣ አለቀ ደቀቀ። ክዳኑ ሳይከፈት እንኳ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አባባ ከሳሎን ይስላል፣ ዕድሜ ልኩን የጎተራ አቧራ የበላው ሳንባ፣ ግን እህቷ ዶሪን ትናንት በር ላይ ቆማ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ አልገባም ስቴላዬ፣ አትቀየሚኝ፣ ትኋኑን ለልጆቹ ይዤ እንዳልሄድ ብዬ ነው፣ ለአባቷም ከሩቅ እጇን እያውለበለበች፣ እሱም መልሶ እያውለበለበ፣ ባቡር እንደሚሸኝ ሰው። ውርደት። ከዚያ ወዲህ ነው ጠርሙሱ እጇ ላይ የቀለለው።

ክዳኑን ትይዛለች። አንዴ ብቻ መርጨት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ነጭ፣ ሰፊ እንቅልፍ፣ ልጅ ናት፣ አባባ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ በሸርተቴ ይጎትታታል፣ ጀርባው ብቻ ይታያታል፣ ትንፋሹ በትከሻው ላይ ጉም ይሆናል፣ ከዚያ ይስላል፣ የያኔው አባባ አይደለም፣ የአሁኑ ነው፣ ከሳሎን። ይህ ሰው እኮ ፊቱን የሚደፋው እዚሁ ፍራሽ ላይ ነው። እጇ ቀጥ ይላል። ማንን ልገድል ነው?

ደረጃውን ትወጣለች። ኦሬስት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ምነው፣ ፈራሽ እንዴ? አዎ፣ ለአባቴ ሳንባ ፈራሁ፣ ያንተን መርዝ ለስንዴህ። ያኮርፋል፣ ጠርሙሱን ይቀበላል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔም ቤት አሉ፣ ለሰው አልተናገርኩም፣ አንቺም እንዳትናገሪ። አንተ ሰውዬ! ያንተን ቤት ትተን የእኔን ብቻ ብናጸዳ ዞረው ይመጣሉ፣ ለአከራዩ አብረን እንንገረው፣ ባለሙያ ያምጣ። ጆሮው ይቀላል። እሺ ይላል፣ እሺ በቃ፣ ምንጣፍ የማጸዳበትን የእንፋሎት ማሽን ላምጣልሽ።

አንሶላው በከረጢት ታስሮ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የልብስ ማድረቂያው በኃይለኛ ሙቀት ይሽከረከራል፣ እሷ እንፋሎቱን በፍራሹ ላይ ስፌት ለስፌት ቀስ አድርጋ ትነዳለች፣ አትቸኩይ ይላታል ኦሬስት፣ ሹ ይላል፣ ውሃ ብቻ ይሸታል፣ ፍራሹ ሲደርቅ ዚፕ ባለው ሽፋን ይታሸጋል። በአንድ ቀን አያልቅም፣ ታውቃለች፣ ነገም አለ፣ ባለሙያውም ይመጣል።

አባባ ትኩሱ አንሶላ ላይ ጋደም ብሎ ያያታል፣ ልጄ፣ አንቺ እኮ ቆመሽ ነው የምትተኚው፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይልላታል፣ ነይ፣ ቦታ አለ፣ በዚህ ቤት ሰው ከሰው መጠጋት ከተፈራ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ከጎኑ ትተኛለች፣ ጀርባው ይሞቃል፣ ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ እና