የጊታረኛው የቀኝ እጅ ጥፍር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የታከለን ጥፍር ያላማ ሰው ቢፈለግ፣ ምናልባት ያን ቀን ከአውቶብስ የወረደ እንግዳ ቢገኝ ነው። የግራ እጁን ጥፍር ከሥሩ ይከረክማል። የቀኙን ግን፣ ከትንሿ ጣት በቀር፣ ያሳድገዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል፣ ዘይት ይቀባዋል። እንጀራ የሚበላው ደግሞ በዚሁ በቀኝ እጅ ነውና ለቅሶ ቤት ከእሱ ጋር አንድ ትሪ የከበቡ ሰዎች ቀስ ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ከራዲዮ መጠገኛው ጎን ሸቀጥ የሚነግደው ሳልህ በየጁምዓው ጠዋት፣ “ኧረ ታከለ፣ ዛሬ ጥፍር የሚቆረጥበት ቀን ነው! ሱናው ባይመለከትህ ለጤናህስ?” እያለ ይቀልድበታል። ታከለ አይመልስለትም። ለምን እንደሚያሳድገው ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለማይገባው ሰው ምን ይነገራል ባይ ነው። እሱ ዝምታዬ ይለዋል እንጂ ጥርት ያለ ኩራት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሐረር ነው። በደርግ ጊዜ በክፍለ ጦሩ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጊታር መቺ ሳለ፣ ራሞን ከሚባል ኩባዊ መካኒክ ጋር ተዋወቀ። የራሞን አያት ከስፔን የፈለሱ ናቸው፤ ፍላሜንኮ የሚሉትን የአገራቸውን አመታት ለልጅ ልጃቸው አውርሰዋል። ራሞን የታከለን መምቻ ፕላስቲክ ነጥቆ ወረወረውና በተሰባበረ አማርኛ፣ “ይህ በጓንት እንደ መብላት ነው” አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘርግተው ክሩን ሲጠርጉ የሚወጣው ነጎድጓድ ጥፍር ከሌለ አይወጣም። ኩባዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ራሞን ጊታሩን ትቶለት ሄደ።

በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን፣ ሌላው ጠመንጃውን ሸጦ ሲገባ ታከለ ጊታሩን ታቅፎ ገባ። አዲስ አበባ የጠየቃቸው መጠጥ ቤቶች ሁሉ፣ “ኦርጋን ስላለን ጊታር አንፈልግም” አሉት። ሸዋ ሮቢት ተመልሶ አንድ ሰርግ ላይ ተጫወተ። ገና ሳይሞቀው አንዱ ሚዜ፣ “ጋሼ፣ ቃኝተው ሲጨርሱ ይንገሩን፣ እንጨፍራለን!” አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከበሮው ላዩ ላይ ተመታበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት አልተጫወተም። ቀን ራዲዮ ይጠግናል፣ በምሳ ሰዓት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ለራሱ ይመታል።

ለራሱ ሲመታ አሥር ዓመት የፈጀ አንድ ሥራ ደረሰ። በተወለደበት አገር ወንዝ “የጀውሃ ሙላት” ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። ኖታ መጻፍ አይችልም። ሙላቱ ያለው በአሥር ጣቶቹ ላይ ብቻ ነበርና እሱ ከሞተ አብሮት ይቀበራል። ይህ ያሳስበው ነበር፤ እንዲያውም ሌላ የሚያሳስበው ነገር አልነበረም።

በዘጠና አምስት ጥቅምት ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ አውቶብስ ጎማው ፈንድቶ ሱቁ ፊት ቆመ። ጥላ ፍለጋ የተጠጋው አንድ ወጣት ተሳፋሪ ገርበብ ካለው በር ኋላ የሰማውን ሰምቶ ሳያንኳኳ ገባ። ቢኒያም ይባላል፤ በአገሩ ያሉ ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾችን እየቀረጸ በሲዲ የሚያሳትም ሰው ነው። አገጩን ይዞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

“ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራው?”

“እኔ።”

“መቅረጫው ቀድሞኝ ኮምቦልቻ ሄዷል። የመጪው ሳምንት ቅዳሜ በመኪና ስመለስ ይዤው እመጣለሁ። እሁድ ወደ ውጭ በራሪ ስለሆንኩ ሌላ ቀን የለኝም። እባክዎ እንዳይጠፉ።”

ታከለ ወዴት ይጠፋል? ቀኑን መቁጠር ጀመረ። ረቡዕ ላይ ግን የቆላው ወባ ጣለው። በላይ በላዩ ብርድ ልብስ ቢጫንበትም ይንቀጠቀጣል። ቀወት ገጠር ያለችው ታላቅ እህቱ ጌጤ ሰምታ ሐሙስ ደረሰች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጠ፣ ሾርባውን ጠጣ፣ ዓርብ ከሰዓት ትኩሳቱ በረድ ሲልለት እንደ ሞተ ሰው ተኛ።

ቅዳሜ ማለዳ ሲነቃ ሰውነቱ ቀሎታል። ሸሚዙ ታጥቦ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ እግሩ ታጥቧል። ደስ አለው። ጊታሩን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ጣቶቹን አየ።

“እትዬ! ጥፍሬ የታለ?”

“ቆረጥኩልህ” አለች ጌጤ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። “ሳልህ የአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል ቢለኝ ጊዜ። እንዲያ ሆነህ ቢያይህ፣ ይህ ሰው ዘመድ የለውም ወይ አይልም? ደግሞ በረጅም ጥፍር ሥር ሰይጣን ያድራል። በሽታውስ ከየት የመጣ ይመስልሃል?”

“ምን አደረግሽኝ! ገደልሽኝ እኮ!” ብሎ ጮኸ። አሳዳጊ እህቱ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር።

“በጥፍር ነው የምትጮህብኝ?”

“በዚያ ጥፍር ነው የምጫወተው!”

ጌጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “አንተ! ታዲያ አንድ ቀን አትነግረኝም?”

ጥያቄዋ ይበልጥ አናደደው። ድንገት ግን ራሞን አንዴ የተሰበረ ጥፍሩን በሙጫ እንደ ቀጠለ ትዝ አለው።

“የት ጣልሽው?”

“ጥፍር ይጣላል እንዴ፣ መተተኛ እንዲያነሳው? ሎሚው ሥር ቀበርኩት እንጂ።”

ሎሚው ሥር ሲደርሱ የጎረቤት ዶሮዎች አፈሩን ጭረው ጨርሰውታል። ጌጤ ወንፊት አመጣች። ጠጉራቸው የሸበተ ወንድምና እህት መሬት ላይ ተንበርክከው አፈር ይነፉ ጀመር። ሳልህ የተጠየቀውን ሙጫ ከሱቁ ይዞ መጥቶ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ዘጋውና አብሯቸው ተንበረከከ። የአውራ ጣቱ ተገኘ። የቀለበት ጣቱም ተገኘ። የሌባ ጣቱ በመጠኑም ቢሆን ተርፏል። የመሐሉ ግን የውሃ ሽታ ሆነ፤ ዶሮ ውጣዋለች መሰለኝ። የተገኘውን ለጥፎ እስኪደርቅ እፍ ሲልበት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ቢኒያም መቅረጫውን ጓዳ ውስጥ ዘረጋ። ጌጤ ደፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያው ደህና ሄደ፤ ውሃው ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማው ክፍል ቀስ ያለ ነው። ሙላቱ ደርሶ ድንጋይ ማንከባለል ሲጀምር ግን የቀለበት ጣቱ ጥፍር ተፈናጥሮ ማይክሮፎኑን ጧ አደረገው።

“ችግር የለም ጋሼ፣ እንደገና።”

እንደገና ሲሞክር የአውራ ጣቱ ወደቀ። በሦስተኛው በሥጋ ጣቱ ሞከረ፤ ድምፁ ታፈነ። ገና ሙላቱ አጋማሽ ሳይደርስ ታከለ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጥሎ አቆመ። ቢኒያም የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

“ለማደግ ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“ሦስት ወር።”

“እኔ ነገ ሄጃለሁ፤ ገንዘቡን የሚሰጡትም ሥራውን ከዚህ ወር አያሳልፉትም። ጋሼ፣ የመጣውን ድምፅ ይዘን በጣትዎ እስከ መጨረሻው ይጫወቱልኝ። አለዚያም ሌላ ለስለስ ያለ ነገር።”

“እንዲህ ተበላሽቶ ከሚቀረጽ ይቅር።”

“ጋሼ፣ እለምንዎታለሁ።”

“ይቅር አልኩ!”

ቢኒያም ደፉ ላይ ወደተቀመጠችው ጌጤ ቢያይም እሷም መሬት መሬት ታያለች። ገመዱን ጠቀለለ፣ ሁሉንም ተሰናብቶ ሄደ። ታከለ ያን ክፉ ቃል ከአፉ እንዳወጣው ተጸጽቶበታል፤ ግን ተነስቶ መኪናውን ማስቆም የእሱ ጠባይ አልነበረም። ሚዜውን፣ መጠጥ ቤቶቹን፣ ዶሮዎቹን፣ እህቱን፣ ሁሉንም በልቡ ረገመ። ራሱን የረገመው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲያ ተቀምጠው ሰዓቱ ነጎደ።

“ከዚያስ?” አለች ጌጤ።

“ከዚያ ምን?”

“ውሃው መጥቶ ድንጋዩን ማንከባለል ሲጀምር ተውከው። ከዚያስ?”

ታከለ ቀና አለ። ስለ ውሃ ለማንም አልተናገረም።

“ውሃ መሆኑን ማን ነገረሽ?”

“ማን ይነግረኛል? ጀውሃ የአባታችንን ማሳ የወሰደ ለት አዝዬህ ጉብታው ላይ የወጣሁት እኔ አይደለሁም? ጨርሰው እስቲ።”

እምቢ ሊላት አልቻለም። በባዶ ጣቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጫወተላት። ነጎድጓዱ ጋ ሲደርስ ድምፁ እንደዚያው ታፈነ፤ አፍሮ ሊያቆም ሲል ጌጤን ዓይኗን ጨፍና አያትና ቀጠለ፣ እስከ መጨረሻውም ሄደ።

“ያን የምታውቀው ነጎድጓድ ባለመምጣቱ ነው አይደል የተናደድከው?” አለችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

“አዎ።”

“እኔ እንጃ ወንድሜ። ጉብታው ላይ ሆነን የሰማነው እንዲህ ነበር። የታፈነ። አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ፣ በነጠላዬ ያንተንም የእኔንም ጆሮ ሸፍኜ ነበር።”

ታከለ ጊታሩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሮጦ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ወደ ደቡብ ተመለከተ። የቢኒያም መኪና ይህን ጊዜ የደብረ ሲናን ዳገት ጨርሷል።