ልቤ ነገረኝ

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ኡምሀኒ ለሦስተኛ ጊዜ ከእንቅልፏ ባነነች። ሌሊቱን ቂሊንጦ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ማሽን ላይ አድራ የገባችው ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሀኒፋ ልብስ እያጠበች ናት። ልታሰጣ በር ከፍታ በወጣች በገባች ቁጥር፣ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ የተገጠመው የአላርም ሰሌዳ ይጮኻል።

"ሀኒፋ! ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ!"

አላርሙን ያስገጠመው ባሏ ሀይረዲን ነው። በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ አንዴ ከወጣ አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል። ከአራት ወር በፊት የጎረቤት ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ ሲዘረፍ፣ "እኔ በሌለሁበት እናንተን ማን ይጠብቃል?" ብሎ ባለሙያ ይዞ መጣ። መኝታ ቤት ይሁን ያለውም እሱ ነው። ኡምሀኒ ግን ድምፁን ልትለምደው አልቻለችም። ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ አንቀላፍታ ጣቷ በመርፌ ከመወጋት ለጥቂት ተረፈ፤ አለቃዋም አስጠነቀቃት።

ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይታ ደወለች። አራት ሰዓት ላይ ሁንዴ የሚባል ወጣት ባለሙያ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

"ድምፁን ብቻ አጥፋልኝ ወንድሜ። እንቅልፍ ነሳኝ።"

"ቀላል ነው እህቴ።" ሰሌዳውን ነካ ነካ አደረገ። "ድምፁ ቢጠፋም አታስቢ፤ መልእክቱ ለባለቤትሽ ስልክ መሄዱ አይቀርም።"

"የምን መልእክት?"

"በሩ በተከፈተ ቁጥር ነዋ። ከነሰዓቱ ይደርሳቸዋል። ሲገጠም ጀምሮ እንደዚያ ነው የተሞላው። አልነገሩሽም እንዴ?"

ኡምሀኒ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከአራት ወር ወዲህ ሀይረዲን፣ ከሥራ ገብታ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ይደውላል። "ገባሽ አይደል ኡሚ? ልቤ ነገረኝ" ይላታል። ወደ ገበያ ስትወጣም፣ "ወጣ ያልሽ መሰለኝ" ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። ሰርቪስ ውስጥ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሥርጉት፣ "ሰውዬው እንደ አዲስ ፍቅር ያዘው መሰለኝ" ብላ አውርታለች። ሥርጉትም "ታድለሽ!" ብላታለች። አሁን ያ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ።

ስልኳ ጠራ። ሀይረዲን ነው።

"ኡሚ፣ አልተኛሽም እንዴ? እንዲያው ልቤ..."

"እናቴ ጋ ነኝ" አለችው። ዋሽታው አታውቅም ነበር። "ሀኒፋም እዚሁ ናት። ቤቱን ዘግተን ነው የመጣነው።"

"ታዲያ አሁን በሩን ማን..." አለና አቋረጠ።

"በሩ ምን ሆነ?"

መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማት።

"ሀይረዲን፣ በሩ ምን ሆነ?"

"ኡሚ... ለእናንተው ደህንነት ብዬ እኮ ነው።"

"ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?"

"ወላሂ በክፉ አይደለም። መንገድ ላይ ስውል ሳድር ሰው ብዙ ያወራል... የሾፌር ሚስት እንዲህ ናት፣ እንዲያ ናት..."

"ስለ እኔ ምን አወሩ?"

"ስመጣ እንነጋገራለን" አለ።

"እኔ እኮ ልብህ የነገረህ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለችና ዘጋችው።

ሁንዴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። "ይቅርታ እህቴ፤ የምታውቂ መስሎኝ ነው።"

"አንተ ምን አጠፋህ?"

"እንግዲህ... ድምፁን ላጥፋው?"

"ንቀለው።"

"ውሉ እኮ በሳቸው ስም ነው። ቢጠይቁኝስ?"

"እሷ አስነቀለችኝ በል።"

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሰሌዳው ቀለሙን ልጦ ተነሳ፤ ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ። ሁንዴ ከቦርሳው ስቱኮ አወጣ።

"ልድፈነው? ደቂቃም አይፈጅ።"

ኡምሀኒ ግድግዳውን ትንሽ አየችው።

"ተወው" አለች። "ሲመጣ ይየው።"