ከብቶቹስ?

የአምቦው መምህር ጉደታ ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመድ አዲስ ቋንቋ ከራሱ አመንጭቶ «ቫልዲሽ» የሚል ስም አወጣለት። ክረምቱን ሙሉ የለፋው በቅጽሎቹ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ቅጽል ለወንድ፣ ለሴት፣ ለዕቃና ለብዙ የተለያየ ጅራት ይቀጠልለታል። ቋንቋው ከተናጋሪ በቀር ምንም አልጎደለውም። ይኼም ጉደታን አላሳሰበውም፤ የከተማው አንጋፋ ሽማግሌ ኦቦ ቦጂያ አንዴ ከተናገሩት ከተማው ይከተላል ብሎ ቆርጧል።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽማግሌው ፈረሳቸውን ሲያስሩ አገኛቸው። ስለ ቫልዲሽ ሲነግራቸው ሰው ከበባቸው።

«በል እስቲ በዚያ በቋንቋህ ሰላም በለኝ» አሉት።

«ሄልሳም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ኦቦ ቦጂያ ጠበቁ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«አለቀ፣ ኦቦ።»

«አለቀ? ሚስቴስ? ቤቴስ? ከብቶቹስ? ይኼማ የተኳረፈ ሰው ሰላምታ ነው!»

ገበያተኛው ሳቀ፤ ሽማግሌውም ወደ ፈረሳቸው ዞሩ።

ጉደታ ግን የክረምት ልፋቱን ያውቃል። «መች ጨረስኩ!» አለና «ደህና» የሚለውን ቅጽሉን መዘዘ። «እርስዎ ፍሪስከር? ባለቤትዎ ፍሪስካ? ቤቱ ፍሪስከስ? ከብቶቹ ፍሪስከን?»

«ፈረሴን ረሳኸው!»

«ወንድ ነው፣ ኦቦ፤ ፍሪስከር!»

«አሁን ሰላምታ ሆነ» አሉ ኦቦ ቦጂያ፤ እጁንም ጨብጠው በተራቸው ጠየቁት፤ «ጉደታ ፍሪስከር? እናትህስ ፍሪስካ?»

እናቱን ጉልበቷን ካመማት ሰነባብቷል። ግን ለሕመም ገና ቅጽል አላወጣም፤ ደግሞስ በሰላምታ ላይ ሕመም ማን ያወራል?

«ፍሪስካ!» አለ ጉደታ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ።